ቅን ልብ ብቻውን ይበቃልን?



በጎ ለማድረግ አስቦ ጉዳት ያደረሰ ሰው በደለኛ ነውን? ወይስ ሐሳቡ ቅን ስለ ነበረ ነጻ ይወጣል? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን፥ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ በቤታችን ከደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ተነሥቼ ነው።

ቤታችን ወለቃ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሁሉ መንደራችንን በሸክላ ሥራዋ ያውቃታል። በዚህ ሙያ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፥ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ቢሄዱም፥ ሸክላው ዛሬም ይሠራል። ታናሽ እኅቴም አንገቱ የተሰበረ ጋን አጋድማ፥ ገለባ ጎዝጉዛ፥ ለጥንቸሏ ቤት አድርጋላት ነበር።

አንድ ማለዳ በጋኑ ውስጥ ስድስት ግልገሎች ተወልደው አገኘን። እናቲቱ ከደረቷ ፀጉር ነጭታ አልብሳቸዋለች። እነርሱ ግን ራቁታቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም አልተገለጠም። በሜዳችን የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ፀጉር ለብሳ፥ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ የቤቷ ግን እንዲህ አቅመ ቢስ ሆና ነው ወደዚህ ዓለም የምትመጣው።

ቀኑን ሙሉ ብጠብቅ እናቲቱ ወደ ልጆቿ አልቀረበችም። ጥግ ይዛ ሣሯን ትበላለች። እኔም ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ስታቅፍ፥ በግ ግልገሏን ስትልስ እያየሁ ያደግሁ ነኝና «ይህች ጨካኝ እናት ናት» ብዬ ፈረድሁባት። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ልጄ፥ ተዋት፤ የምታደርገውን ታውቃለች» ቢሉኝም አልሰማሁም። ግልገሎቹን ወደ ምድጃ ዳር ወስጄ የላም ወተት በጨርቅ እያንጠባጠብሁ አጠጣኋቸው። ሲነጋ ሦስቱ ሞተው ነበር። እኅቴ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ባልንጀራዬን ጠየቅሁት። ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ፥ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው፤ እርሱም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ወተቷ ከላም ወተት እጅግ የወፈረ ስለሆነ ይበቃቸዋል። ከጎጆው የምትርቀውም አዳኝ አውሬ ሽታዋን ተከትሎ ልጆቿን እንዳያገኝ ነው። በጨርቅ የሚንጠባጠብ ወተት ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላል። የቀሩትን ሦስቱን መለስናቸው። ጎሕ ሲቀድ እናቲቱ ገብታ ወጣች፤ ሆዳቸውም ድቡልቡል ብሎ አየነው።

እንግዲህ ጭካኔ ያልሁት ጥበቃ ነበር። እኔ በደለኛ ነኝን? ባለማወቄ አይመስለኝም፤ ማንም ሁሉን አያውቅም። በደሌ መጠየቅ ስችል አለመጠየቄ ነው። ተማሪ ነኝና ከአሮጊት መማር አሳፈረኝ፤ አዳኝ ሆኜ ለመታየትም ቸኮልሁ። በርኅራኄዬ ውስጥ ትዕቢት ተደብቆ ነበር።

«ለማይበላ እንስሳ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?» ያሉኝም አሉ። በእርግጥ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት ይቆጥራታል። ነገር ግን አትብላ ማለት አትራራ ማለት አይደለም። ያው ኦሪት በዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ እንዳይወስድ ያዝዛል። እናትነት በማይበላውም እንስሳ ዘንድ እናትነት ነው።

ታዲያ ስሕተትን ፈርተን እጃችንን እንሰብስብን? አይደለም። ባልንጀራዬ የሚረዳውንም ነግሮናል፦ ደረቅ ጉዝጓዝ፥ ንጹሕ ውኃ፥ በቂ ሣርና ጸጥታ መስጠት፤ ወንዱን መለየት፤ የሞተውን ማውጣት፤ ከጎጆ የወደቀውን አሙቆ መመለስ፤ በየማለዳው ሆዳቸውን ማየት። ሆዳቸው ከተሰበሰበና ቆዳቸው ከተሸበሸበ ያን ጊዜ ዝም ማለት ራሱ በደል ይሆናል፤ አዋቂ ፈልጎ መጠየቅ ይገባል። ይህ እርዳታ እናቲቱን ያግዛል እንጂ በቦታዋ አይተካም።

ነገሩ በጥንቸል አያበቃም። በአገራችን በብዙ ቤት አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ይላስለታል። የሚያደርጉት አያቶች ከፍቅር በቀር ሌላ ሐሳብ የላቸውም፤ ሐኪሞች ግን ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። እነዚያን አያቶች እንዳንሳለቅባቸው፤ እኔ የተማርሁት ልጅ ያደረግሁትን አይታችኋል። ይልቅስ አራስ ልንጠይቅ ስንገባ «ምን ላምጣ?» ከማለታችን በፊት «ምን ያስፈልግሻል?» እንበል።

ቅን ልብ መነሻ ነው፤ ጠይቆ መረዳት ደግሞ መንገዱ ነው። ሦስቱ ግልገሎች አድገው ዛሬ በግቢያችን ይዘላሉ። የሌሎቹን ሦስት ቦታ ግን እኅቴም እኔም አንረሳውም።