ኪሳራን ማን ያስተምራል?

«ተመራቂ ሥራ ፈጣሪ ይሁን እንጂ ሥራ ጠባቂ አይሁን» እየተባልን ነው። መልካም። ግን አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረውን ልጅ «ድፈር፣ ግባበት» ማለት ተገቢ ነውን? ቢከስርስ? መካሪው መምህር በወር መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል፤ ልጁ ግን ዕዳውን ተሸክሞ አገር ቤት መግባት ሊያፍር ነው።

መቼም ድፍረትን ለማጥናት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በእግር ይደረሳል። እዚያ የጋሞ ሸማኔዎች ድርና ማጉን በየትኛው ገንዘብ እንደሚገዙ፣ ጥበቡ ሳይሸጥ ሲከርም በምን እንደሚኖሩ ሄዶ የጠየቀ ከመካከላችን ስንቱ ነው? አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ንቀቱ ግን አዋጁን አልሰማም። ዛሬም እዚሁ ግቢ «እገሌ እኮ ነጋዴ ሆነ» ሲባል «ውይ፣ ትምህርቱን ተወው?» የሚል አይጠፋም።

ደግሞ ለንግግር የምንጋብዘው ያለፈለትን ብቻ ነው። የከሰረውን ማን ጠርቶት ያውቃል? እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ በፊት ሊያጠናው የሚገባው እሱን ነው እንላለን። የሱቅ ኪራይ ነው የጣለው? ሽሪኩ ከዳው? ወይስ ሕግ ነው? በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአንድን የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500 ሺህ ብር እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ያኔ ፋብሪካውን ሳያሰፋ የቀረውን ሰው «ሰነፍ» ብንለው ሐሜት እንጂ ጥናት አይሆንም።

ወደ ዕቁብ እንምጣ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዋሱ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይጨብጥም፤ ባንክ የቤት ካርታ በሚጠይቅበት ቦታ ዕቁብ ሰው ይጠይቃል። መርካቶ ላይ ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥቶ ሱቅ የከፈተው ስንቱ ነው በዚህ የቆመ! አደጋውን ብቻውን አልተሸከመማ።

በ1957 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛት መላክ ጀምሮ ነበር፤ አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው። ዛሬ ደግሞ ለመማር ብንላክስ? ከነጋዴው፣ ከባለእጁ አጠገብ አንድ ዓመት፤ ፈታኙም እሱ ራሱ ይሁን። ከዚያ ሥራ ልጀምር ያለውን ተማሪ ግቢው ገንዘብ ይስጠው፣ ቢከስርም ከኪሳራው ድርሻውን ይውሰድ። «ዩኒቨርሲቲ ባንክ አይደለም» ይሉን ይሆናል። እንግዲያውስ «ድፈር» ማለቱንም ይተውልን!

«በመጠጥ ያጠፋውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ነው ዋስ የሚያስፈልገው፤ ዋሱ ደግሞ የክፍል ጓደኛው ነው፣ ማለትም እኛ። ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤት ይህንኑ ስንከራከር «ለጓደኛህ ትፈርማለህ ወይ?» ተባባልን። ሐሳቡን ሁሉም ወዶት ነበር፤ እፈርማለሁ ያሉት ግን ሦስት ናቸው።