ዝምታ ያረጋጋል ወይ?



በ2004 እ.ኤ.አ. «አል አማል»፣ ማለትም ተስፋ፣ ተብሎ የተከፈተው የካንሰር ሆስፒታል ለኛ ለቢን ኦምራን ልጆች ቅርብ ነው። የማዳም እናት ይዛ የምትሄድ አለች። አገር ቤትም ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበረ፣ እናቷን በስልክ ስታጽናና የኖረች አትጠፋም። እንግዲህ ጥያቄዬ፦ በሽተኛዋ ጨረር ከመግባቷ በፊት ይነገራት ወይስ «ፎቶ መነሳት ነው» ተብላ ትታለፍ?

«ትደነግጣለች» ይባላል። እኔ ግን የበለጠ የሚያስደነግጠው ያልታወቀ ነገር ይመስለኛል። «ጨረር» ሲባል እኮ ለብዙ ሰው የሚታየው እሳት ነው። የሚሆነው ግን ይኼ ነው፦ ቦታው እንዳይሳሳት ቆዳ ላይ ምልክት ይደረጋል። አልጋ ላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። ባለሙያዎቹ ይወጣሉ፤ ግን በካሜራ ያዩአታል፣ ብትጣራም ይሰሟታል። ጨረሩ ሲሰጥ አያምም፣ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ድካምና የቆዳ መቅላት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ከውጭ በማሽን የሚሰጠው ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የልጅ ልጇን ማቀፍ ትችላለች። ይህን ያልሰማች ሴት ሁሉም ወጥተው በሩ ሲዘጋ «ጥለውኝ ሸሹ» ብትል ይፈረድባታል?

እርግጥ በሽታውን መንገር የሐኪም ሥራ ነው። ሁሉን ማወቅ የማትፈልግም አለች። ስለዚህ መጀመሪያ «ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ፤ እሷ ከጠየቀች አለመዋሸት፣ ያላወቅነውን ደግሞ ሐኪሙን እንድትጠይቅ ማገዝ ነው።

ለኔ፣ ዝምታ የሚያረጋጋው ዝም ያለውን ሰው እንጂ በሽተኛዋን አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር ይግጠመን።