ራጁና እግሩ

እግሬ የተሰበረ ጊዜ ሐኪሙ ያዩት እኔን ሳይሆን ራጁን ነበር። «አጥንቱ ጥሩ ገጥሟል» አሉና «ተረኛ!» ብለው ተጣሩ። እኔ ደግሞ የታክሲ ደረጃ መውጣት እችል እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ያኔ ትዝ ያለኝ አሜሪካዊው ኤሪክ ሃይደን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ከ500 እስከ 10,000 ሜትር ያሉትን አምስት ወርቆች ብቻውን ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ ወደ ብስክሌት ዞረ፤ በ1986ቱ ቱር ደ ፍራንስ ወድቆ ውድድሩን አቋረጠ። በ1991 ከስታንፎርድ በሕክምና ተመርቆ ኋላ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነ።

ለመሆኑ የበሽተኛን ሕመም ለመረዳት የግድ መውደቅ ያስፈልጋል? እንደዚያማ ቢሆን ወንድ አዋላጅ ባልኖረ! ሃይደን «ትናንት በእኔ» ማለት ይችላል። ላልወደቀው ደግሞ አባቶቻችን «ነግ በእኔ» የምትል ቃል ትተውለታል። ከዚች ቃል አንድ ጥያቄ ትወጣለች፦ «በዚህ እግር ምን ይሠሩበታል?»

መልሱ ለሯጩ ሌላ፣ ጆንያ ለሚሸከመው ሌላ፣ ለሚሰግዱት እናት ሌላ ነው። ራጁ ላይ ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ።