ረሃብ የሌለው ጾም

በ2017ቱ ሁዳዴ፣ ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሲሆን የሁሉም ሰው ፊት ይለወጥ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ኮዱን ትቶ ሰዓቱን ያያል። ፊት ለፊቴ ያለችው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትበላውን ሽሮ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምራ ታወራልናለች። እኔን ግን ምንም አይለኝም። ጠዋት የጀመርኩትን ባግ እያሳደድኩ፣ ሰዓቱ መድረሱን እንኳን ሳላውቅ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል። አንድ ቀን ያ ልጅ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተማ ጻድቅ ሆነሃል!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ረሃብን አላሸነፍኩትም። ረሃብ የሚመጣበትን የሆዴን ክፍል ሐኪሞች ቆርጠው ስላወጡልኝ ነው። ይህን ደግሞ ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ጥቅምት ላይ ኢስታንቡል ሄጄ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና አደረግሁ። ያኔ 138 ኪሎ ነበርኩ። ሐኪሞቹ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው ጨጓራን በቁመቱ በስቴፕለር እየሰፉ ይቆርጡትና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያወጡታል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ከሁለት ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም።

ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ቦታ በማጥበብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ማግኘታቸውን አሳወቁ። ይህ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ሥራው ለአንጎል «ራበኝ» የሚለውን መልእክት ማድረስ ነው። በስሊቭ ጊዜ ተቆርጦ ከሚወጣው ውስጥ ዋናው ይኸው ክፍል ነው። በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ? ቀኑን ሙሉ ኖቲፊኬሽን የሚልክ ሰርቨር ነበር፤ ሰርቨሩን ነቀሉት።

ይህ ማለት ቀላል ነበር ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ስመለስ ገና ፈሳሽ ብቻ ላይ ነበርኩ። እናቴ አጥሚቱን አቅጥና፣ በማጥለያ ሁለቴ አጥልላ በቡና ሲኒ ታቀርብልኝ ነበር። አንዷን ሲኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ከዚያ የተፈጨ ምግብ መጣ፤ ሽሮ ምን ያህል ባለውለታ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ እንቁላል፣ ዓሣ። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለ። አንድ ቀን ቸኩዬ እንጀራ በደንብ ሳላላምጥ ዋጥኩና ደረቴ ላይ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ላብ በላብ ሆንኩ። በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ሐኪሙ «ይመለሳል» ብሎኝ ነበር፤ ተመለሰ። ቫይታሚኖቹ ግን የዕድሜ ልክ ናቸው፦ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ስልኬ አላርም አለው።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ትሪ ዙሪያ መቀመጥ ነበር። በ2016 ፋሲካ አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ቀዶ ጥገናውን ካደረግሁ ስድስት ወር ሆኖኛል፤ ወደ ሠላሳ አምስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ግማሹ ሰው «አመመህ እንዴ?» ይላል፤ ግማሹ «አምሮብሃል!» ይላል። አራት ጉርሻ የሚያህል በልቼ በቃኝ ስል አክስቴ የዶሮ ወጡን ጠቅልላ «በሞቴ!» አለች። ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ። በሰው ሞት ላይ እምቢ አይባልም። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። እጇ አየር ላይ ቀረ። «ምነው ልጄ፣ ንቀኸኝ ነው?»

ሁሉም አየኝ። እዚያች ደቂቃ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ግን እናቴ «ለሰው እንዳትናገር» ብላኛለች፤ እኔም ሰው «በገንዘብ አሳጥሮት ነው እንጂ» ሲል ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። ስለዚህ «ዳይት ላይ ነኝ እኮ እትዬ። ዳቦና ስኳር አቁሜያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እሮጣለሁ» አልኩ። አክስቴ ጉርሻውን ለሌላ ሰው ሰጠችና «ጎበዝ፣ ወንድ ነህ!» አለችኝ። ውሸቱ በአንድ አፍ ሁለት ነገር ሠራ፤ ከጉርሻው አዳነኝ፣ ምስጋናም አስገኘልኝ።

ከትሪው ማዶ የአክስቴ ልጅ ተቀምጣለች። በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ «ዱባዎቹ» የምንባለው ሁለታችን ነበርን። ምግቧን ትታ በትኩረት ታዳምጠኛለች። «ስንት ሰዓት ነው የምትሮጠው?» አለችኝ። «አሥራ አንድ ሰዓት» አልኳት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ወደ ጾሙ ልመለስና አንድ ጥያቄ ላንሳ። ረሃብ የሌለው ጾም ጾም ነው?

አርስቶትል ኒኮማካዊ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንዱ መጥፎ ምኞት እየጎተተው ታግሎ የሚያሸንፍ ነው። ሌላው ምኞቱ ራሱ ተገርቶ፣ የማይገባውን ነገር መመኘት የተወ ነው። አርስቶትል የሚያስበልጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሰውየው እዚያ የደረሰው በረጅም ልምምድ ነውና። ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረቶች መጽሐፉ ሌላ ነገር ይላል፦ የአንድ ተግባር የሞራል ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ፍላጎታችን ሳያግዘን፣ ግዴታችን ስለሆነ ብቻ ስንፈጽመው ነው።

እኔን በሁለቱም ሚዛን አስቀምጡኝ። በአርስቶትል ዓይን ከሩቅ ሲያዩኝ ሁለተኛውን ሰው እመስላለሁ፤ ምኞት የለብኝም። ግን ምኞቴን የገራሁት በልምምድ አይደለም፤ ተኝቼ፣ በማደንዘዣ ነው። በካንት ዓይን ደግሞ ሰዓቱን እያየ እስከ ዘጠኝ የሚታገሰው ያ ልጅ ሲጾም ዋጋው ይታያል፤ የእኔ ግን ዝም ብሎ ምሳ መርሳት ነው። በሁለቱም መንገድ ጻድቅ አይደለሁም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለራሴ ትሕትና ነው የሚመስለው። ግን ሐሳቡን አንድ እርምጃ ብትገፉት ሌላ ቦታ ያደርሳችኋል። ዛሬ አለመራቤ ጽድቄ ካልሆነ፣ ትናንት መራቤም ኃጢአቴ አልነበረም ማለት ነው። 138 ኪሎ የነበረው ሰውዬና 94 ኪሎ የሆነው ሰውዬ አንድ ጠባይ ነው ያላቸው። ያው ሰነፍነቱም፣ ያው ጉብዝናውም አለ። ከኢስታንቡል የተመለስኩት አዲስ ፈቃደኝነት ገዝቼ አይደለም።

ይህን ለማመን የሚያስቸግረው ሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተደረገውን ጥናት ያስታውስ። አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። እነዚህ ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም። ሕሊናችን መግደል አይፈቅድልንም ብለው ጦርነት አንዘምትም ያሉ፣ ለእምነታቸው የጨከኑ ሰዎች ናቸው። ረሃቡ ሲጠና ግን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ተደብቀው በሉ። ጦርነትን እምቢ ያለ ሰው በምግብ ፊት ከተሸነፈ፣ ጉዳዩ የጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ጠግበን ሳለን እንኳን ያ ድምፅ አይዘጋልንም።

እንግዲህ የእኔ ውሸት ክፋቱ እዚህ ጋ ነው። ስለ ራሴ ብቻ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ስለ ሌሎችም ዋሽቻለሁ። «ዳቦ አቁሜ፣ ሮጬ ነው» ስል «ያልቻላችሁ ስላልፈለጋችሁ ነው» እያልኩ ነበር።

የአክስቴ ልጅ አመነችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች፤ ጨለማ ስለሆነ ታናሽ ወንድሟ ይሸኛታል። ዳቦ አቆመች፣ ስኳር አቆመች። በአምስት ወር ስድስት ኪሎ ቀንሳ፣ በቀጣዮቹ አምስት ወራት ስምንት ጨመረች። በ2017 ሁዳዴ መጨረሻ፣ «ጻድቅ» በተባልኩ በሳምንቱ፣ ደውላ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ድንገት «አንተ ስትችል እኔ ምን ሆኜ ነው? በቃ ሰነፍ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምሬት እንኳን አልነበረም። ጉዳዩን የጨረሰች፣ በራሷ ላይ ፈርዳ ፋይሉን የዘጋች ትመስል ነበር።

በዳግማ ትንሣኤ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። የሆዴን ጠባሳዎች አሳየኋት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን የሰደብኩት በአንተ ውሸት ነው?» አለች። ከዚያ ቡናውን ሳታስጠጣኝ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አንዳንዶቻችሁ «የሕክምና ጉዳይህ የግልህ ነው፣ ለማንም መልስ አትሰጥም» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ደጋግሜ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ አሁንም ግማሹን አምንበታለሁ። ማንም ሰው ጨጓራውን ትሪ ላይ ዘርግቶ የማሳየት ግዴታ የለበትም። በተለይ በእኛ ሀገር፣ «ወፍረሃል» እና «ከስተሃል» ከሰላምታ በፊት በሚመጣበት ቦታ፣ ዝም የማለት መብት ትልቅ ነገር ነው። አክስቴን «ሆዴን አሞኝ ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብላት ኖሮ ሚስጥሬን ጠብቄ፣ ውሸትም ሳልናገር እወጣ ነበር። ዝምታ የራስን በር መዝጋት ነው። እኔ ያደረግሁት ግን በሬን ዘግቼ ሳበቃ፣ የጎረቤቴን ሚዛን ማዛባት ነው። እሷ በዚያ በተዛባ ሚዛን ራሷን እየመዘነች ነበር።

ምስጋናውስ? ከዚያ በኋላ ይህንንም በትክክል ለማካፈል እየሞከርኩ ነው። ሁሉም የእኔ አይደለም፤ ምንም የእኔ አይደለም ማለትም ሌላ ውሸት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ረሃብ ቀስ እያለ ተመልሷል፤ እንደ ድሮው አይጮኽም፣ ግን ያንኳኳል። ጨጓራም ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ይሄዳል፤ ቀዶ ጥገና አድርገው ከዓመታት በኋላ ኪሏቸው የተመለሰ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ማታ ቃር ያስነሳኛል። ክኒኖቹን መዋጥ፣ ሳልቸኩል ማላመጥ፣ ሲከፋኝ ወደ ማቀዝቀዣው አለመሄድ፣ እነዚህ የእኔ ናቸው። ያው ግን እነዚህን ማድረግ የቻልኩት ድምፁ ስለቀነሰልኝ ነው። በጩኸት ውስጥ ሆኖ ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ሰው ከእኔ በብዙ እጥፍ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን በሚዛን ላይ ላይታይ ይችላል።

ዘንድሮ በሁዳዴ ስምንት ሰዓት ላይ ሆዴ ጮኸ። እውነተኛ ረሃብ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። አጠገቤ ያለውን ልጅ «ዛሬ ራበኝ» አልኩት። «አንተም ይርብሃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ያኔ እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ታዲያ እኔ ነኛ ጻድቁ» አለኝ። ልክ ነው አልኩት።

የአክስቴ ልጅ ለሦስት ሳምንት አላናገረችኝም ነበር። ከዚያ አንድ ማታ በቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ላከች፦ «ያማል?»

ቁጭ ብዬ ረጅም መልስ ጻፍኩላት። የሚያመውን፣ የሚረግፈውን ፀጉር፣ የሚፈጀውን ገንዘብ፣ ሊመለስ የሚችለውን ኪሎ፣ እምቢ የሚባለውን ጉርሻ፣ ከዚያም የድምፁን ዝም ማለት። አድርጊ አላልኳትም፣ አታድርጊም አላልኳትም። እስካሁን አልወሰነችም። ባለፈው እሑድ ግን አክስቴ ቤት ምሳ ላይ ተገናኘን። አክስቴ እንደ ልማዷ «በሞቴ!» ብላ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ፣ ልጅቷ ከማዶ ሆና «እማዬ፣ የእሱ ሆድ ትንሽ ነው፤ ትንሽ አድርጊለት» አለች። አክስቴ ጉርሻውን ለሁለት ከፈለችው።