ስለ ጥርጣሬና ስለ ዳኝነት

መንግሥት ሕዝቡን ከሽብር መጠበቅ ይገባዋል፤ ይህን የሚክድ ሰው የለም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቦምብ በፈነዳ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከ150 የሚበልጡም ቆሰሉ። እንዲህ ያለው ክፉ ሥራ ሳይፈጸም ለማገድ ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ፈጥኖ መያዝ ያስፈልገዋል። ጥያቄው፥ ከተያዘ በኋላ ፖሊሱን «ምን ይዘህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው የሚለው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ፥ ቁጥሩ 652፥ ይህን አልሻረም፤ ነገር ግን ዳኛው ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በየጊዜው ከ28 ቀን እንዳያንስ አዘዘ፤ ይኸውም እስከ አራት ወር ድረስ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዳኛው በወንበሩ ተቀምጧል፥ «ሰባት ቀን ይበቃሃል» ለማለት ግን ሥልጣን የለውም። እንዲህ ያለውን ዳኛ እኔ ከማኅተም ለይቼ አላየውም። ዞን ዘጠኝ የተባሉት ወጣት ጸሐፊዎች በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተይዘው እስከ ሐምሌ ያለ ክስ ቆዩ። ከከሰሷቸውም በኋላ ከፊሎቹ ክሳቸው ተነሥቶላቸው ወጡ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነፃ አወጣቸው። የታሰሩበት ዘመን ግን አይመለስም። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል።

«ለሽብርተኛ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?» የሚል አለ። ሽብርተኛ መሆኑን ማን ነገረው? በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወደዚሁ ወደ ኮልፌ መጥተው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የውትድርና ትምህርት ተምረዋል። የእኛ ፖሊስ በእንግድነት ተቀብሎ ያስተማራቸውን ሰው የአገራቸው ፖሊስ ያሳድዳቸው ነበር፤ አሜሪካም ስማቸውን ከሽብርተኞች መዝገብ የፋቀችው በ2000 ዓ.ም.፥ ፕሬዚዳንትነታቸውን ከፈጸሙ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕግ ፖሊስ በፖለቲካ የጠረጠረውን ሰው 90 ቀን ያለ ክስ እንዲይዝ ፈቀደ፤ ፍርድ ቤትም «ልቀቁት» እንዳይል ከለከለ። የእኛ አዋጅ ዳኛውን በስም አስቀርቶት ነበር፤ የእነርሱ ግን በስምም አላስቀረውም።

ወጣቶች ሆይ፥ «ዳኛ የለቀቀው ሰው ሄዶ ቢያፈነዳስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ አይሆንም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ለዳኛ መልስ መስጠት ያለበት ፖሊስ ማስረጃ ፍለጋ ይደክማል፤ መልስ የማይጠየቅ ፖሊስ በእጁ በገባው ሰው ረክቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ቦምቡን የሠራው ሰው በመርካቶ ገበያተኛ መካከል ሲመላለስ ይውላል።