«ጠቅላላ ብቻ ነህ?»

ጠቅላላ ሐኪም በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም የማታመልጠው ጥያቄ አለች፦ «ስፔሻላይዝ አላደረግክም እንዴ?» ጠያቂው ክፋት የለውም። ስድስት ሰባት ዓመት የተማረ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲቀር መንገድ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ደመወዙም ይህንኑ ይነግረዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ኑሮው አላስቆም ቢላቸው ነው።

ስፔሻሊስቱ ብዙ ዓመት ስለተማረ ብልጫ ይከፈለው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ያወጣውን ዕጢ ያሳያል፣ ቤተሰብ ይመርቀዋል። አንዲት እናት ግን ግፊቷ በጊዜ ታውቆላት፣ ኪኒኗን እየዋጠች ዐሥር ዓመት በጤና ብትኖር፣ ያልመጣውን ስትሮክ ማን ይቆጥረዋል? እሷም አታውቀው! ላልሆነ ነገር እንዴት ይከፈላል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምናን ማስተማር ጀመረ፤ እሱም በስፔሻሊቲ ደረጃ። (ከሰው ደጅ ለመቅረትም ማዕረግ ያስፈልጋል ማለት ነው።)

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። የጎረቤቴን ልጅ፣ ከተረኛነት ዓይኑ ቀልቶ ሲመለስ፣ «መቼ ነው ታዲያ የምትማረው?» ብዬዋለሁ። ፈገግ ብሎ የእናቴን ስኳር ጠየቀኝ።