ልጅን ለማዳን መዋሸት

«ጋንጃ አንዴ የሳበ ያብዳል»። ይህችን አባባል ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቤት ይባላል፣ ትምህርት ቤት ይባላል፤ ማስረጃ ሲጠፋም የሰፈሩ እብድ ይጠቀሳል።

«ልጁን ካዳነው ውሸት ቢሆንስ ምናለበት?» የሚል አይጠፋም። ሕፃናትን «አያ ጅቦ መጣ!» እያልን አይደል ያሳደግናቸው? እውነት ነው። ልዩነቱ፣ ሕፃኑ ጅቡን ወጥቶ አያጣራም። የ15 ዓመቱ ልጅ ግን ያጣራል። አንድ ቀን ጓደኛው ሲያጨስ ያያል፤ ጓደኛው ይስቃል፣ ይርበዋል፣ በማግስቱ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። አላበደም! ያኔ ውሸቱ ብቻ ቢወድቅ ምንም አልነበረ፤ እውነቱንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

እውነቱ ደግሞ ለማስጠንቀቅ ይበቃ ነበር። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ግድም መብሰሉን አይጨርስም፤ ዘግይቶ የሚበስለው ደግሞ «ቆይ፣ ነገስ?» የሚያሰኘው የፊተኛው ክፍል ነው። ገና በአፍላነቱ ጀምሮ በየቀኑ የሚያጨስ ልጅ ትኩረቱና ትውስታው ይዳከማል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉም ይጨምራል፤ በተለይ ሕመሙ በቤተሰቡ ካለ። በአሜሪካ አዘውትሮ የሚጠቀስ ግምት፣ ከተጠቃሚዎች ከ10 አንዱ ያህል፣ በአፍላነት ከጀመሩት ግን ከ6 አንዱ ያህል በሱስ እንደሚያዝ ይናገራል። ይህን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ «ታብዳለህ» ማለት ይቀላል።

ምክንያቱን ስንፈልግም ማሳበቢያ አናጣም። ሻሸመኔን እንጠራለን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩትን ራስተፈሪያን እንወቅሳለን። ልጁ ግን የመጀመሪያዋን ጭስ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ከአብሮ አደጉ ነው፤ መዋያ ሲያጣ፣ ከጓደኞቹ ላለማነስ ሲል፣ ወይም የሚያስጨንቀውን ለቤተሰቡ መናገር ሲፈራ። ቦታውም ሩቅ አይደለም፤ ጫት ከሚቃምበትና ሺሻ ከሚጨስበት ጎን ነው።

ጫት ካነሳሁ አይቀር፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፆችን ሲከለክል፣ ጫት የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት መርቅኖ ልጁን ስለ ሱስ የሚመክር አባት፣ «አባዬ፣ ያንተስ?» ሲባል ምን ይመልሳል? «የኔ በሕግ አልተከለከለም» ቢል ትክክል ነው፤ የልጁ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «እኔም መተው አቅቶኛል» ቢለው ይሻላል እላለሁ። እርግጥ እንዲህ ማለት የአባትን ክብር ይነካል ብለው አጥብቀው የሚሞግቱኝ ወዳጆች አሉ።